ሻብሮ በእንግዶች ፊት

ጎንትራን የወይን እርሻቸውን ታሪክ ሊጎበኙ ለመጡ እንግዶች በምሳ ገበታ ላይ ሲያወራ ውሸቱ እንኳ ከረባት ያስር ነበር።

«በሃምሳ ስድስቱ ውርጭ ወይናችን ሁሉ ሲደርቅ፣ ቤተሰባችን በአንድነት ተነስቶ ይህን እርሻ ከሞት አዳነ» አለ።

«በአንድነት!» ሲል ታናሽ ወንድሙ አንሰልም ከገበታው ጫፍ ሾርባው ላይ አጉረመረመ።

ያኔ ጎንትራን ቦርዶ ከተማ አክስታቸው ቤት ምድጃ ታቅፎ ይማር ነበር። ከበሩ አጠገብ ባለው ማሳ ላይ የደረቀውን ግንድ ነቅለው አዲሱን የተከሉት አባታቸውና አንሰልም ናቸው። አንሰልም ትምህርቱን ያቋረጠውም ለዚሁ ነው፤ በዚያው ቀረ። አባትየው ሲሞት ግን ጎንትራን የእህታቸውን ድርሻ ገዝቶ ከግማሽ በላይ ስለያዘ አዛዥ ሆነ፤ ለአንሰልም የወይን መግረዣ መቀሱና የወገብ ሕመሙ ተረፈለት።

አሁን ያንኑ ማሳ ሰኞ ሊያስነቅለው ነው። ለመኪና ማቆሚያ!

ጠዋት አንሰልም ለምኖት ነበር።

«ተው ጎንትራን፤ አባባ የተከለው ነው።»

«ያረጀ ግንድ! ጎብጦ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ሥራ አለው? ልክ እንዳንተ» ብሎ ሳቀበት።

ያ ሳቅ እስከ ምሳ ድረስ ከአንሰልም ጆሮ አልወጣም።

ጎንትራን ውዱን ጠርሙስ ከፈተ። «እስቲ መዓዛውን አሽትቱልኝ። ይህ ከበሩ ማሳ የመጣ ነው» አለ ሳያፍር።

አንሰልም ዘሎ ተነሳ። ጠርሙሱን ከወንድሙ እጅ ነጥቆ፣ ከጎድጓዳ ሳህኑ ሥር በቀረችው ሾርባ ላይ ቀዩን ወይን ደፋው። አንዴ ወዘወዘና ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጭልጥ አደረገው። ይህ ሻብሮ ነው፤ አባታቸው ዕድሜ ልኩን የሾርባውን መጨረሻ የሚጠጣው እንዲህ ነበር። ጎንትራን ዲፕሎማውን ይዞ የመጣ ጊዜ ግን «ነውር ነው» ብሎ ከገበታ ከለከለው። ሽማግሌው የመጨረሻ ዓመታቱን ማድ ቤት ተደብቆ፣ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ሻብሮውን ጠጣ።

«ታሪኩ ይሄ ነው!» አለ አንሰልም አገጩን በእጅጌው እየጠረገ። «አባባን ማድ ቤት የደበቅኸው አንተ! ይህን ወይን ሲተክል እጁ በብርድ ተሰነጣጥቆ ሲደማ፣ አንተ የት ነበርክ?»

ጎንትራን እንደ ኖራ ነጣ።

አንዲት ባለ ባርኔጣ እንግዳ አጨበጨበች። «ውይ ሲያምር! ትርዒትም አላችሁ እንዴ?»

«ጌታው፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልን!» አለ ሌላው ካሜራውን ደግኖ። «ቁጣውም አይቅር!»

ሁሉም እየተሳሳቁ ሾርባቸው ላይ ወይን ይደፉ ጀመር። የጎንትራን ፊት ቀስ በቀስ ደም መለሰ። ወደ ወንድሙ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ስማ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ሲመጣ ይህንኑ አድርግልኝ፤ የአባባን ቆብ አጥልቀህ። ስድቡም ይኑር፤ ወደውታል። ማሳህን አልነካብህም።»

አንሰልም ሳህኑን በወንድሙ ግንባር ላይ ሊከሰክሰው ጨበጠ። በመስኮቱ በኩል ግን ግንዶቹ ታዩት፤ ጥቁር፣ ቆልማማ፣ የአባቱን ጣቶች የመሰሉ።

«ቆቡን አላጠልቅም» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ግድ የለም፣ ያለ ቆቡ ይሁን።»

አንሰልም ባዶውን ሳህን ሾርባ ወደምትቀዳው ሴት ዘረጋ።

«ከሥሩ ብቻ አድርጊልኝ፤ ለሻብሮ» አላት።