መርዶ ያልገባበት ቤት

ሞቱ ያልታወቀ ሰው ሙሾ ቢወርድበት፣ በሕይወት ካለ ምን ይደርስበት ይሆን?

ወይዘሮ አሰፋሽ ይህን ጥያቄ ከንጋት ጀምሮ ሲያገላብጡት አረፈዱ። ቄሱን እንዳይጠይቁ ይቆጧቸዋል፤ ምራታቸውን ብርቱካንን እንዳይጠይቁ ፊቷን ታዞርባቸዋለች። ጥያቄው እንዳልበሰለ ባቄላ ሆዳቸው ውስጥ ተቀመጠ።

ጣጣውን ያመጣችው የልጅ ልጃቸው ሜላት ናት። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራ፣ ከሴት ድምፅ ሁሉ ቀጭኑንና ከፍተኛውን፣ ሶፕራኖ የሚሉትን ታዜማለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወልድያ አዳራሽ የምታቀርበው ለእሷ ድምፅ፣ ለቫዮሊንና ቼሎ ለሚሉት ድምፀ ወፍራም ትልቅ ቫዮሊን የተደረሰ አዲስ ሥራ ነው። ቃሉ ከጥንት የብራና ታሪክ የተወሰደ ነው ብላቸዋለች፤ ልጇ ከዘመቻ ያልተመለሰላት እመቤት ደጇ ላይ ቆማ የምታሰማው ለቅሶ። ሁለቱ ተጫዋቾች አብረዋት ከአዲስ አበባ መጥተው እዚሁ መርሳ፣ እሳቸው ቤት አደሩ። አሁን ደግሞ ከመንገድ በፊት ግቢው ውስጥ ካልተለማመድን አሉ።

እዚህ ግቢ! የሜላት አባት ደሞዜ፣ የወይዘሮ አሰፋሽ አንድ ልጅ፣ በጦርነቱ ወራት ማንጎ ሊጭን ግራና ወደምትባለው ከተማ እንደወጣ ከቀረበት ግቢ። ሬሳውን አየሁ ያለ የለም። በሕይወት አየሁት ያለም የለም። ወይዘሮ አሰፋሽም መርዶ አልተቀበሉም፤ ድንኳን አላስተከሉም፣ ተዝካር አላወጡም። ብርቱካን ጥቁር እንዳትለብስ፣ ድምፅ አውጥታም እንዳታለቅስ ከልክለዋት ይህን ሁሉ ጊዜ ኖረዋል። ሞቱ ሳይታወቅ ያለቀሱለት ሰው የመመለሻ መንገዱ ይዘጋበታል ብለው ይፈራሉ። ይህን ማን እንዳስተማራቸው አያውቁም፤ ፍርሃቱ ግን የራሳቸው ነው።

ወልድያ ሄደሽ የፈለግሽውን ሁኚ፣ ከዚህ ግን አታሰሚብኝ ብለው ለመኗት። ሜላት እጃቸውን ይዛ ሳመች።

«እማማ፣ የዚያች ሴት ልጅ ከጠፋ ስንት መቶ ዓመት ሆነው። ለእሱ እኮ ነው የማለቅስ።»

«ደጁ ግን የኛ ነው» አሏት።

ልጅቱ የአባቷ ልጅ ናት፤ ያለችውን አትተውም። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች።

መጀመሪያ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቼሎው ከሥር እያጉረመረመ፣ እሷ የአምባሰልን ዜማ በሩቁ የሚያስታውስ ነገር እየጎተተች። ከዚያ ከፍ አለ። ቆርቆሮ አጥሩን ተሻገረ፣ አስፋልቱንም ተሻገረ። ወይዘሮ አሰፋሽ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ደረት ይወጣል ብለው አያውቁም። አምሮባት ነበር፤ ማማሩ ነው የባሰ ያስፈራቸው።

በመጀመሪያ የገባው ጎረቤታቸው ቶፊቅ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የራሱ ችግር የገጠመው መስሏቸው ሊጠይቁት ሲነሡ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተግተልትለው ገቡ። ከኋላቸው የእድሩ ሰብሳቢ አቶ አበባው፣ ከእሱም ኋላ የድንኳን እንጨት የተሸከሙ ሰዎች። ቼሎ ተጫዋቹ አድማጭ የመጣለት መስሎት ጉልበት ጨመረ።

ብርቱካን ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፤ የተዘረጋላትን ክንድ አየች። ማንንም አልጠየቀችም። የባሏን ስም ጠርታ ሴቶቹ ላይ ወደቀች።

ያኔ ነው ሜላት ዓይኗን የገለጠችው። ቫዮሊኑ ተቋረጠ።

ያ ሲፈሩት የኖሩት ነገር በእግሩ መጥቶ ግቢያቸውን ሞልቶታል። ወይዘሮ አሰፋሽን የመጣባቸው ግን እንባ አልነበረም፤ ንዴት ነው። የማንጎውን ግንድ ተደግፈው ቆሙ።

«ማን አረዳችሁ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አቶ አበባው ከሴቶቹ ነው የሰማው፤ ሴቶቹ ቶፊቅ ሱቁን ሲዘጋ አይተው ነው የወጡት። ሁሉም ቶፊቅን አዩት።

«እትዬ፣ ከዚህ ቤት ለቅሶ ሲወጣ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለ። «ሬዲዮ ነው ወይ ልበል?»

አንዲት አሮጊት እኔም ስሞት ይህችን ልጅ ነው የማስጠራው አለች። ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ አለ፤ ወዲያው አፈረ።

አቶ አበባው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ አሰፋሽ፣ አይቆጡኝ። ፈጣሪ ሰበብ ሰጥቶን ይሆናል። ሰዉ መጥቷል፣ ድንኳኑም ደጅ ነው። ዛሬ እናልቅስና እንገላገል።»

«ከማን ነው የምንገላገለው? ከልጄ?»

ወይዘሮ አሰፋሽ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ሰዉ ዞሩ። ድንኳኑ ወደ መጣበት እንዲመለስ ተናገሩ፤ እስከዚያው ሁሉም ይቀመጥ፣ የሰሙት ዘፈን ስለሆነ እንደ ዘፈን እስከ መጨረሻው ይስሙት አሉ። ማለዳውን ሙሉ ዝም በይ ሲሏት ወደቆዩት ልጅም ዞሩ።

«ከመጀመሪያው ጀምሪው። ጮክ ብለሽ።»

ሜላት እየፈራች ጀመረች፤ እየቆየች ጸናች። ሰዎቹ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ያልቅሱ ያጨብጭቡ ሳያውቁ ሰሙ። የብራናዋ እመቤት ደጇ ላይ ቆማ፣ መርዶ ይዞ የሚመጣውን እያንዳንዱን መልእክተኛ ሲሞት በዓይንህ አይተሃል ወይ እያለች ትመልሳለች። የመጨረሻው ሲሄድ ቃሉ ያልቅና ድምፁ ብቻ ይቀራል፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ አይወርድም። ወይዘሮ አሰፋሽ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሰዉን አንድ በአንድ እያዩ ሰሙት።

ጸጥ ሲል ቶፊቅ «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ።

ሴቶቹ ተነሡ። ብርቱካን ፊት ሲደርሱ ምን እንደሚባል ጠፋቸው፤ ጉንጯን ብቻ እየሳሙ ወጡ። ወይዘሮ አሰፋሽ ምራታቸውን ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ምንም የሆነ ነገር የለም አሏት።

ብርቱካን ከመሬት ቀና ብላ አየቻቸው።

«እማዬ፣ እርስዎ ልጅዎን ይጠብቁ፤ አልከለከልኩዎትም። እኔ ግን ዛሬ ሰው አቅፎኝ አለቀስኩ። እሱንም መልሺ ይሉኛል?»

«እኔ መርዶ አልተረዳሁም» አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ። ድምፃቸው ጠንካራ ነበር። «ሞቱን ያየ ሰው ፊቴ እስኪቆም፣ ከዚህ ቤት ለቅሶ አይወጣም።»

ሜላት አንዴ እናቷን፣ አንዴ አያቷን አየች። የእድሩ ሰዎች እንጨቱን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው በሩን ማለፍ ጀምረዋል። ብርቱካን ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። የልጇን ትከሻ በእጇ ነካ አድርጋ፣ በአማቷ ፊት አልፋ፣ ድንኳኑን ከተሸከሙት ሰዎች ኋላ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ከግቢው ወጣች።