ያላላችው ብሎን

ልብስ ሰፊዋ በሙያዋ አትታማም። «ልብስ ሰውን ካስጨነቀ ጥፋቱ የሰፊው እንጂ የገላው አይደለም» ትላለች፤ ጠበበኝ ብሎ መጥቶ ሳይለቀቅለት የተመለሰ ደንበኛ የለም። እጇ ማላላት ይወዳል። በልጇ ነገር ግን ይኸው እጅ ጉድ ሠራት።

ልጅቷ ስትወለድ ከንፈሯም ላንቃዋም የተሰነጠቀ ነበር። ሁለቱም በሕፃንነቷ ተሰፉ። እናቷ የከንፈሯን ጠባሳ ባየች ቁጥር «ለእኔ ቢሰጡኝ ኖሮ ስፌቱ አይታይም ነበር» እያለች ታሾፋለች፤ ልጅቷም ትስቃለች። ድዷ ላይ ግን አጥንት የሌለበት ክፍተት ቀርቷል። የጥርስ ሐኪሟ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። መጀመሪያ የጠበበው የላይኛው መንጋጋዋ ቀስ በቀስ መለጠጥ አለበት፤ ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ከዳሌዋ አጥንት ወስዶ ክፍተቱን ይሞላል። ይህ ሁሉ ቋሚ የክራንቻ ጥርሷ ከድዷ ሳይወጣ ካልተሠራ ጥርሱን የሚይዝለት አጥንት አይኖርም። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለች ሐኪሟ።

ላንቃዋ ላይ መሃሉ ብሎን ያለው ብረት ተገጠመላት። እናቷ ጠዋት ጠዋት በቀጭን ቁልፍ መንጋጋውን እንዲለጥጥ ብሎኑን ወደ ጉሮሮ በኩል ትንሽ እንድታዞር ታዘዘች። ታዞራለች። ልጅቷም ፊቷን ይዛ ትንሰቀሰቃለች።

«እማዬ፣ ጠበበኝ! እስከ አፍንጫዬ ድረስ ጠበበኝ!»

ይህን ሰምታ ዝም ማለት ለዚያች ሴት አይሆንላትም። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ ስታላላ ትውላለች። ሲመሽ «እስቲ ትረፍልኝ» ትልና ብሎኑን ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች። ልጅቷ እፎይ ብላ ትተኛለች።

በየቀጠሮው ሐኪሟ ግንባሯን ቋጥራ ትጠይቃለች። «እያዞርሽው ነው?»

«እንዴታ፣ ዶክተር! አንድም ጠዋት አላለፈኝ።»

ውሸት አልነበረም። ስለ ማታው የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም አልተናገረች። ሐኪሟ «ግትር አጥንት ነው» ብላ ሌላ ቀጠሮ ትሰጣለች።

በመጨረሻው ቀጠሮ ቀዶ ሐኪሙም ነበረ። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና ልጅቷን አፍሽን ክፈቺ አላት። ክራንቻው ክፍተቱ ውስጥ ነጭ ጫፉን አውጥቷል። በጣቱ ሲነካው ተነቃነቀ።

«አርፍደናል፣ እናት» አለ። «ይሄ ጥርስ ይነቀላል። አጠገቡ ያለውም የሚቆይ አይመስለኝም።»

«አጥንቱስ?»

«እንሞክር ይሆናል። ይይዛል ብዬ ግን ልሸነግልዎት አልፈልግም።»

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ማታ ማታ እመልሰው ነበር» አለች። «ስታለቅስ አላስችል እያለኝ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የጥርስ ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ቁልፉን ብቻ ታይ ነበር። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ መሃል መንገድ ላይ ቆም አለች።

«እማዬ።»

«ወዬ፣ ሚጣዬ።»

«ፀጉሬን ስታበጥሪኝም እኮ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን አቁመሽልኝ ታውቂያለሽ?»

እናቷ እጇን ልትይዝ ተጠጋች። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ሸፍና ቀድማት ሄደች።