የሟቹ ወንድም

ስልኩ ሲጮህ ጎሚስታው ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ጋር ትግል ገጥሞ ነበር። አንድ ጉልበቱን ቸርኬው ላይ ተክሎ፣ በሁለት እጁ ብረቱን ወደ ታች ተጭኖ፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። እጁ ከጎማው ብሶ ጠቁሯል።

"አንቺ ቀለሜ! አንሺውና ጆሮዬ ላይ ለጥፊልኝ!" አለ።

ቀለሜ የሚሏት በዚያ መንገድ ያሉ መካኒኮች ናቸው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ሱቅ ደጃፍ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ስለሚያዩዋት ነው ስሙን ያወጡላት። ስልኩን ከኪሱ አውጥታ ጆሮው ላይ ያዘችለት። ስልኩ ያረጀ ነው፤ ምስጢር መያዝ ከተወ ቆይቷል። ለአንድ ጆሮ የተላከውን ለመንገደኛው ሁሉ ያካፍላል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ የተማሪዋ ቤተሰብ ነዎት?" አለች አንዲት ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የምደውለው ከወጣቶች የአጭር ልቦለድ ውድድር ነው።"

"ነኝ። ምን አጠፋች?"

"ኧረ ምንም! በመጀመሪያ ግን ስለ አባቷ ነፍስ ይማር ልበልዎ። ታሪኩን አንብበን ሁላችንም አልቅሰናል።"

ጎሚስታው ብረቱን ለቀቀው። ብረቱ ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። ሰውዬው ዓይኑን ወደ ልጅቷ አዞረ። እሷ ዓይኗን ወደ ውሃው ገንዳ አዞረች። የተነፈሰ ጎማ በየት በኩል አረፋ እንደሚያወጣ የሚታይበት ገንዳ ነው፤ በዚያች ሰዓት ቢበቃት ኖሮ ዘላ በገባችበት።

"አሜን" አለ ጎሚስታው ቀስ ብሎ።

"እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?"

ሌላ ሰው ቢሆን "አባቷ ነኝ፤ አልሞትኩም" ይላል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ይህ ግን ሌላ ሰው አይደለም። ሹፌሮቹ "አየር በአየር" የሚሉት ጎማ ስለሚነፋ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን የፈነዳ ጎማ እሱን አንስቶ የፋርማሲው ጣሪያ ላይ እንዳስቀመጠው፣ ፋርማሲስቱም በመሰላል ወጥቶ እዚያው ላይ የራስ ምታት ክኒን እንደሸጠለት የሚያወራ ሰው ነው። ያውም እየማለ! እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ሞቱን በስልክ ሲረዳ ዕድሉን አያሳልፍም።

"እኔ የሟቹ ወንድም ነኝ" አለ ድምፁን ሰበር አድርጎ። "ታናሽየው።"

"አይዞዎት። ከሁሉም ያስበለጠው እውነተኛ ታሪክ መሆኑ ነው። ዳኞቹ አንደኛ እንድትወጣ ተስማምተዋል፤ የሚነገረው ግን ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስለሆነ እስከዚያ በሆድዎ ይያዙት። ታሪኳ በመጽሐፍ ይታተማል፣ በትምህርት ዕረፍቷም ከደራሲዎች ጋር ሥልጠና ትገባለች። እናቷን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል።"

"ምነው ወንድሜ ይህን ባየ!" አለና ጎሚስታው አፉን በክንዱ አፈነ። ሴትዮዋ ልቅሶ መስሏት አጽናንታው ዘጋች። ሳቅ ነበር።

"ገደልሽኝ?" አለ እንባውን በክንዱ እየጠረገ።

"በልቦለድ ነው፣ አባዬ።"

"እሱማ በልቦለድ ነው። በምን ገደልሽኝ?"

"ጎማ ፈንድቶብህ።"

"የምን ጎማ?"

"የተሳቢ።"

ጎሚስታው ትንሽ አሰበ። "እሱስ ደህና ነው። በብስክሌት ጎማ ብትገድይኝ ኖሮ ከዚህ ሰፈር ለቅቄ እሄድ ነበር።"

ቀለሜ አልሳቀችም። "ለምን ወንድሙ ነኝ አልካት? እኔ እውነት ነው ብዬ አልጻፍኩም። 'እኔ' እያልኩ ስለተረክሁት ነው እውነት የመሰላቸው።"

"ታዲያ ደውለሽ ንገሪያቸዋ።"

"ከነገርኳቸው ይነጥቁኛል! ሰምተሃታል እኮ። እውነት ስለሆነ ነው አለች።"

ይህች ልጅ ያልገባችበት ውድድር የለም። ራዲዮ ጣቢያው ሲያወዳድር ልካለች። ትምህርት ቤቷ ሲያወዳድር ልካለች። የጥርስ ሳሙና ፋብሪካ እንኳ "ፈገግታ" በሚል ርእስ ሲያወዳድር፣ መንገድ ስለጠፋበትና ተሳፋሪዎቹን አውርዶ እየጠየቀ ስለሚሄድ አውቶቡስ ጽፋ ልካለች። የአባቷን ወሬ ነበር አሳምራ የጻፈችው። ፋብሪካው ስለ ተሳትፎዋ አመስግኖ አንድ የጥርስ ሳሙና ላከላት። ያን ቀን ተናደደችና ባለፉት ዓመታት ያሸነፉትን ታሪኮች ሁሉ ፈልጋ አነበበች። በሁሉም ውስጥ አንድ ሰው ይሞታል። ካልሞተም ዓይኑ ይጠፋል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሞት ሰው ፈለገች። ድመቷ አትበቃም። እናቷን አሰበችና ፈራች፤ እናቷ ከሰማች እሷ ደግሞ በእውን ትገድላታለች። የቀረው አባቷ ነበር።

እናቷ ማታ ነገሩን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ቆመ ማለት ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው።

"ምን? ባሌ በቁሙ እያለ ጥቁር ለብሼ ልጎለትልሽ? ይሄን ምላስሽን ነበር!" መቀሷን አወዛወዘችባት። ቀጥላ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተስ፣ ትልቅ ሰው አይደለህም? ልጅ ሙት ስላለችህ ትሞታለህ?"

"ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እኮ ነው። ለእራት እደርሳለሁ።"

"አፍህን ያዝ! በሞት አይቀለድም።"

"እኔ የቀለድኩት በራሴ ሞት ነው። የሰው አልነካሁም።"

"እኔ እዚያ አልገኝም" አለች እናትየው መኪናዋን እንደገና እያስነሳች። ጥቂት ሰፍታ ደግሞ ቀና አለች። "ከጠየቁ ሐዘኑ አልጋ ላይ ጣላት በሏቸው።"

ጎሚስታው ልጅቷን ጠቀሳት። ወንበሩን ስቦ፣ እግሩን አንፈራጦ፣ ቲያትር እንደሚያይ ሰው ተመቻቸ። "በይ አሁን አንብቢልኝ። ሰው አሟሟቱን የማወቅ መብት አለው።"

ቀለሜ ማንበብ አልፈለገችም። ነገ ይሁን አለች፣ ራሴን አመመኝ አለች፣ በመጨረሻ አነበበች።

ከሥራ ይመጣል። እጁን ይታጠባል። ይቀመጣል። በታሪኩ ውስጥ ያለው አባት እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በመስኮት አሻግሮ ያያል፤ ልጁ ስትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል፤ ፍቅሩን የሚገልጸው እጁን ራሷ ላይ በማኖር ነው። ጎሚስታው መጀመሪያ ላይ ጥርሱን ገልጦ ነበር የሚያዳምጠው። ሳቁን አዘጋጅቶ፣ የሚያፈስበት ቦታ ሲጠብቅ ቆየ። አንድ ገጽ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ከዚያ ተሳቢው መጣና ጎማው ፈነዳ።

"ይሄ ሰውዬ አይናገርም?" አለ።

"ዝምተኛ ነው።"

"አንዲት ቀን እንኳ አይቀልድም?"

"ለታሪኩ ነው፣ አባዬ። ከቀለደ ማን ያለቅስለታል? የአንተን ቀልድ ጽፌ በላክሁ ጊዜ የሰጡኝ የጥርስ ሳሙና ነው።"

"እሱስ እውነትሽን ነው።" ጎሚስታው ተነሣ። "ደግ ሰውዬ ነው። ቁም ነገረኛ። እንዲህ ያለ አባት ማንም ይመኛል።" አለና የታጠበ እጁን ሊታጠብ ወጣ።

"ዛሬ ደግሞ ወሬህን ማን ሰረቀብህ?" ብላ እናትየው ከኋላው ጮኸችበት። ቀለሜ የጻፈችውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እንደገና አውጥታ እንደገና አጣጠፈችው።

በማግስቱ ሱቅ ሄዳ ስታይ ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል። አንድ የታክሲ ሹፌር "አየር በአየር፣ እስቲ ያቺን የፋርማሲዋን ለጓደኛዬ ንገረው፤ ውሸት ነው ብሎኛል" አለው። "ሌላ ጊዜ" አለ ጎሚስታው፣ ሥራውን ቀጠለ። ሹፌሩ ወደ ቀለሜ ጠጋ ብሎ "አሞታል እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። ጥርሱን ነው አለችው። ሌላ ምን ትበል?

ቅዳሜ ጎሚስታው ያለውን አንድ ኮት ለበሰ። ጥፍሩ ሥር የገባውን ጥቁር በብሩሽ ፈትጎ ፈትጎ ጣቱ ቀልቷል። መንገድ ላይ ምንም አላወራም። ሌላ ጊዜ ከቤት እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ባለው መንገድ ሁለት ጎርፍ፣ አንድ የሚናገር በቅሎና አንድ የጠፋ ጄኔራል ያስገባ ነበር።

"ተቀይመኸኛል፣ አባዬ?"

"ምን ቆርጦኝ? አንደኛ ትወጫለሽ እኮ። እኔ እንደ ሆንኩ ሥራዬ መሞት ብቻ ነው፤ እሱም ቀላል ነው።"

"ከፈለግህ እንተወውና እንመለስ።"

"ሞኝ አትሁኚ። ይሄን ሁሉ ዓመት የጻፍሽው ለምንድን ነው? ሂጂ ቅደሚ።"

አዳራሹ ውስጥ ፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከፊት ጠረጴዛ ላይ የምስክር ወረቀቶች፣ የታሸገ ውሃና ሰው ሠራሽ አበባ አለ። በስልክ የደወለችው አስተባባሪ በሩ ላይ ተቀበለቻቸውና የጎሚስታውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"እናቷስ?"

"ሐዘኑ አልጋ ላይ ጣላት" አለ ጎሚስታው።

"እኔን! ወንድምዎን በአካል ያወቅኳቸው ያህል ነው የሚሰማኝ።"

ቀለሜ አሁን የፋርማሲውን ጣሪያ ያመጣል ብላ ጠበቀች። አሁን መሰላሉ ይመጣል፣ ክኒኑ ይመጣል፣ ይሄ ሁሉ ሰው በሳቅ ይወድቃል፣ ያልቅልናል ብላ ጠበቀች። ጎሚስታው ግን አንገቱን ደፋ።

"ዝምተኛ ነበር" አለ።

መነጽራቸው የወፈረ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ተጠግተው ትከሻውን ያዙት። "እስቲ አንድ ትዝታ ያጫውቱን። ልጅቷ ያልጻፈችውን።"

"ከሥራ ይመጣል" አለ ጎሚስታው። "እጁን ይታጠባል። ይቀመጣል።"

"ከዚህ ሌላ?"

"ከዚህ ሌላ የለውም።"

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው አገር የሚያቆሙት" አሉ ለአስተባባሪዋ። ጎሚስታው አመስግኖ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ቀለሜ ከፊት ወንበር ሆና ሁለቴ ዞራ አየችው። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት አሻግሮ ያያል። ያንን ሰውዬ የፈጠረችው እሷ ናት፤ አሁን ግን ኮት ለብሶ፣ ጣቱ ቀልቶ መጥቶ ተቀምጧል። አስፈራት።

ከሷ በፊት አንድ ረጅም ልጅ ሦስተኛ የወጣ ታሪኩን አነበበ፤ አያቱ ሞቱ። ቀጥላ ሁለተኛዋ አነበበች፤ መንታ እህቷ ሞተች። እህትየው ግን ከፊት ተቀምጣ በስልኳ ፎቶ ታነሣት ነበር፤ ደራሲዋ "ልቦለድ ነው" ብላ ከሥሩ ስለጻፈች ሁለተኛ ሆናለች።

ከዚያ አስተባባሪዋ ድምፅ ማጉያውን ያዘች። የቀለሜን ስም ጠርታ መድረክ ላይ አወጣቻት፤ ጭብጨባውን ግን በእጇ አቆመችው። "አሸናፊያችን ከማንበቧ በፊት፣ ይህን ታሪክ በሕይወቱ ለጻፈው አባቷ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ። እባካችሁ ብድግ በሉ።"

ወንበሮቹ ተንኳኩ። አዳራሹ ሞልቶ ተነሣ። ሽማግሌው ዳኛ ተነሡ። ፎቶ አንሺዋ መንታ ተነሣች። ጥግ ላይ ጎሚስታውም ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፣ እጆቹን ፊት ለፊት አነባበረ፣ አንገቱን ደፋ።

ቀለሜ ከመድረኩ ላይ አየችው። ይህ ሰው ጎማ ነፍቶ እስኪሞላ ድረስ እንኳ ዝም ማለት አይችልም፤ ከኮምፕሬሰሩ በላይ እየጮኸ ነው የሚያወራው። አሁን ከንፈሩ ገጥሟል። አጠገቡ የቆመች አንዲት የማያውቃት እናት ጀርባውን ታሻሸው ጀመር። እሱም አመስጋኝ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ወረቀቱ ላይ እንዳለው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ዓይኗን ፈልጎ ይጠቅሳት ነበር። ቀና እንዲል ጠበቀችው። ቀና አላለም።

ጠረጴዛው ላይ ስሟ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ከአበባው ሥር ተቀምጧል። ከጎኑ የሥልጠናው ጥሪ አለ። ደቂቃው እስኪያልቅ አፏን ብትይዝ ሁሉም የሷ ነው፤ ደቂቃ ደግሞ ምንም አይደለም፣ ዝም ብለው ቢጠብቁት ራሱ ያልቃል። የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም፤ አዳራሹ ጭጭ ብሏል።

ወረቀቷን ዘቅዝቃ አስቀመጠችና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ ሳበች።

"አባዬ፣" አለች፣ "አንተ ተቀመጥ።"