የመግቢያ ነጥቡ ሽምግልና

መምህር ወልደኪዳን ያሉት እንዲህ ነው፦ «ተገኘ ሽብሩ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የመግቢያ ነጥቡ ከሁለት ነጥብ ስድስት አያልፍም። ልጁ ሁለት ነጥብ ስምንት አለው። ምን ያስጨንቃል? ሻንጣውን ያዘጋጅ።»

እኔ ያልኩት ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ዘንድሮ ተፈታኙ በዝቷል፤ የዩኒቨርሲቲው ወንበር ግን ያው ነው። የመግቢያ ነጥቡ ሦስት የመሆን ዕድሉ ያመዝናል። እንደ ተገኘ ካሉ አሥር ልጆች አራቱ ቢገቡ ነው።»

ሁለቱም የተባሉት በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው ነው። ሰውየው የተገኘ አባት፣ የፎንቆው ገበሬ አቶ ሽብሩ ናቸው። ሆሳዕና ድረስ መጥተው መምህር ወልደኪዳንን በመምህራን ክፍል፣ እኔን ደግሞ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝተው ጠየቁን። የእኔን መልስ ሲሰሙ አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «በእናንተ መካከል ያለው ነገር ምንድነው?» አሉኝ።

«ምንም የለም፤ ግምታችን ነው የተለያየው።»

«ይሁን» ብለው ሄዱ። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ተገኘን በሁለት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ካገኘኋቸው ልጆች በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። ማትሪክ ላይ በሒሳብ ኤ፣ በፊዚክስና በባዮሎጂ ቢ፣ በእንግሊዝኛና በኬሚስትሪ ሲ አመጣ። አምስቱ ተደምረው ለአምስት ሲካፈሉ ሁለት ነጥብ ስምንት ይሆናሉ። በዚህ የሚከራከር የለም። ያልታወቀው አዲስ አበባ ላይ የዘንድሮው የመግቢያ ነጥብ የት ላይ እንደሚቆረጥ ነው። እሱ በሬዲዮ እስኪነገር ገና ሳምንታት ይቀራሉ።

መጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። ነገር ግን ተገኘ የመምህራን ማሰልጠኛም ተመርጧል፤ የዚያ ምዝገባ ደግሞ ሰኞ ያበቃል። ማሰልጠኛው ዋናውን የውጤት ወረቀት ተቀብሎ ውል ያስፈርማል። ከፈረመ ዩኒቨርሲቲ ቢመደብ እንኳ መሄድ አይችልም፤ አንድ ዓመት ተምሮ አንዱ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይላካል። ካልፈረመና ነጥቡ ሦስት ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ቤት ይቀመጣል። ቤት የተቀመጠ ወጣት በሚቀጥለው የብሔራዊ ውትድርና ዙር ወዴት እንደሚሄድ ፎንቆ ውስጥ የማያውቅ የለም። አምና የሄዱት ገና አልተመለሱም።

ሐሙስ ዕለት ተገኘ ራሱ ቤቴ መጣ።

«ቲቸር፣ አባቴ ቅዳሜ ፎንቆ ይምጡልኝ ብሏል። ቲቸር ወልደኪዳንም ይመጣሉ።»

«ለምን?»

መሬት መሬቱን አየና፣ «ሽማግሌ ተቀምጧል» አለ።

«ማንና ማን ተጣልቶ?»

«እናንተ።»

ቅዳሜ ከመምህር ወልደኪዳን ጋር በአንድ የእህል መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን። እሳቸው ከሸዋ መጥተው ጸጉራቸውን ሆሳዕና ያሸበቱ፣ ተማሪን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። እውነቱን ለመናገር አምና የእሳቸው ግምት ልክ ሆኖ የእኔ ስቶ ነበር። ይህንንም መንገዱን ሙሉ አልረሱትም።

«አምና ምን ብለህ ነበር?»

«ተሳስቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አምና መሳሳቴ ዘንድሮ እርስዎን ልክ አያደርግዎትም፣ ጋሽ ወልደኪዳን።»

«ለዚህ ግትርነትህ ነው ዛሬ ለእርቅ በግ የታረደው» ብለው ሳቁ። «ለልጅ ተስፋ መስጠት ምን ይጎዳል?»

«የሰኞን ምዝገባ ካሳለፈው ይጎዳል።»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። የሰኞውን ነገር ከእኔ ይልቅ የሚፈሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ስለሚፈሩትም እንደማያነሱት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከአቶ ሽብሩ ቤት ፊት ለፊት፣ ከእንሰቱ ወዲህ ባለው ዝግባ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። መሐል ላይ አባ ሎምቤቦ አሉ፤ በአካባቢው ያልፈቱት የድንበር ክርክር የለም ይባላል። ከእሳቸው ቀጥሎ ለውትድርና የሚላኩትን ስም ዝርዝር የሚያወጡት የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ዳኘ የቆዳ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የተገኘ እናት ወይዘሮ እታለም ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ናቸው። ተገኘ ከአባቱ ኋላ ቆሟል። ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አይናገርም።

እኔንና መምህር ወልደኪዳንን ለየብቻ፣ ፊት ለፊት አስቀመጡን፤ ልክ እንደ ባላጋራ።

አባ ሎምቤቦ በሀዲይኛ መርቀው ጀመሩ። የዶዮገና ልጅ ስለሆንኩ በከምባትኛዬ ግማሽ ግማሹን እይዛለሁ። ቀጥለው ለመምህር ወልደኪዳን ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ሁለታችሁም አስተማሪ ናችሁ። ሁለታችሁም የእኛን ልጅ አስተምራችኋል። አንዱ ይገባል ይላል፣ አንዱ አይገባም ይላል። ልጁ መሐል ላይ ቀረ። ይሄ ደግ አይደለም።»

«አባባ፣ አይገባም አላልኩም። ከአሥር አራት ነው ያልኩት።»

«አሥሩ እነማን ናቸው?»

«እንደ ተገኘ ያሉ ልጆች።»

«የማን ልጆች?»

«የማንም አይደሉም። ለምሳሌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባ ሎምቤቦ በትዕግሥት ቀጠሉ። «ጥሩ። የእኛ ልጅ ከአራቱ ነው ከስድስቱ?»

«አይታወቅም።»

«አይታወቅም ነው ወይስ አንተ አታውቅም?»

«ማንም አያውቅም።»

«ወልደኪዳን ያውቃል።»

መምህር ወልደኪዳን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «አውቃለሁ» አሉ።

ከዳር ያሉ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ይሄ የዶዮገና ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ተቀመጠ?»

«አራት» አልኩ።

«አራት ዓመት ተምሮ አላውቅም ካለ እኔ ሳልማር ቀድሜዋለሁ።»

ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ትዕግሥቴ ረጅም ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። «አባባ፣ በልግ ላይ ሲዘሩ ዝናቡ እንደሚመጣ ያውቃሉ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ይሄም እንደዚያ ነው።»

«አይደለም» አሉ አባ ሎምቤቦ። «ዝናብን የሚያመጣው እግዚአብሔር ነው። ይሄን ነጥብ የሚቆርጠው ግን ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ ተነጋግሮ ይስማማል። አሁን ንገረኝ፤ አንተ ያልከው ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ወልደኪዳን?»

«ሁለት ነጥብ ስድስት።»

«በመካከላችሁ ስንት አለ?»

«ነጥብ አራት» አሉ መምህር ወልደኪዳን።

አባ ሎምቤቦ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አንድ እንኳ አልሞላም! በአንድ እንኳ ባልሞላ ነገር ነው የተጣላችሁት? ሾኔ ላይ በበሬ በሚታረስ ሰፊ መሬት የተጣሉትን ስናስማማ እንዲህ አልተቸገርንም። በል ወልደኪዳን፣ አንተ ታላቅ ነህ፣ ትንሽ ውጣ።»

«ለእናንተ ክብር ስል፣ ሁለት ነጥብ ሰባት ልበል።»

«ሁለት ነጥብ ሰባት የሚባል ነጥብ የለም!» ብዬ ተነሣሁ። «አምስት ትምህርት ነው የሚካፈለው፤ ከስድስት በኋላ ስምንት ነው የሚመጣው፤ ጋሽ ወልደኪዳን ይህን ያውቃሉ!»

«ተቀመጥ ልጄ። ሰው ሲወጣልህ አትግፋው። አሁን አንተ ውረድ።»

«መውረድ አልችልም። የእኔ አይደለማ!»

«የማን ነው?»

«አዲስ አበባ ያሉት ናቸው የሚቆርጡት።»

«እነሱ አልመጡም። አንተ ነህ የመጣኸው።»

ፊት ለፊቴ ያሉት መምህር ወልደኪዳን ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «አንተ ልጅ፣ ሥጋው እየበሰለ ነው፤ ውረድላቸው» አሉኝ። ተናድጄ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ግን እንደ እሺታ ቆጠሩት። አባ ሎምቤቦ ከጎናቸው ካሉት ጋር በሀዲይኛ ጥቂት ተመካከሩና በትራቸውን መሬት ላይ አቆሙ።

«ማንም አይጎዳም። መሐሉን ይዘናል። ሁለት ነጥብ ስምንት።»

ከዚያ አቶ ሽብሩ ብድግ ብለው፣ «የልጄ ነጥብ!» ብለው ጮኹ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ ሰማይ እጃቸውን ዘረጉ። ማንም ሳያስበው መሐሉ በትክክል ልጁ ላይ አረፈ፤ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል? አባ ሎምቤቦ እጄን ይዘው መምህር ወልደኪዳን እጅ ውስጥ አስቀመጡት። ወዲያው አታካና ቀረበ፤ ከቡላና ከቅቤ የተሠራ፣ ለትልቅ ቀን የሚቀርብ ምግብ ነው። የታረቁ ሰዎች ከአንድ ሳህን ይብሉ ተባልን። እኔ አንድ ጉርሻ ብቻ ቀመስኩ። መምህር ወልደኪዳን ግን በደስታ በሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የምር አምነዋል። እንዲያ ሳያቸው መናደዴ ራሱ አናደደኝ።

«እንግዲህ ተፈታ» አሉ አባ ሎምቤቦ። «ልጁ ሰኞ የትም አይሄድም። ዩኒቨርሲቲውን ይጠብቃል።»

እንደገና ተነሣሁ። ድምፄ ከፍ ማለቱ ይታወቀኛል። «አባቶቼ፣ አክብራችሁ ጠርታችሁኛል። እኔና ጋሽ ወልደኪዳን አልተጣላንም፤ ብንጣላም ኖሮ ታረቅን። የእኛ መታረቅ ግን አዲስ አበባ ያለውን ነጥብ አያወርደውም። እዚህ ሁለት ነጥብ ስምንት ብለን ብንማልም እዚያ ሦስት ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ተገኘ…»

«ያን ጊዜ ተገኘ ምን ይሆናል?» አሉ አቶ ዳኘ። እስካሁን ቃል አልተናገሩም ነበር። ፈገግ ብለዋል፤ እጃቸው ቦርሳቸው ላይ ነው። «ንገረን እንጂ መምህር። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል? አገር አለችው። አገሩ ትፈልገዋለች።»

ማንም አልሳቀም። ከሴቶቹ መሐል አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ አምና ልጇ የሄደባት ጎረቤት ናት። ሁሉም የሚያውቀውን፣ እኔም ልናገረው የመጣሁትን ነገር እዚያ ሰው ፊት መናገር አልቻልኩም። «ትክክል ነው፣ አቶ ዳኘ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ እታለም ከበሩ ሆነው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ያንተ ወንድም ቢሆን ምን ትለው ነበር?»

ቀኑን ሙሉ የቀረበልኝ ትክክለኛ ጥያቄ ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም በቅጡ መመለስ አቃተኝ። ማሰልጠኛ ግባ ብል፣ በአገሩ ስንት ዓመት የማይገኝ የሒሳብ ጭንቅላት አንደኛ ክፍል ፊደል ሲያስቆጥር ይኖራል። ከአሥር አራት ማለት ደግሞ ባዶ ማለት አይደለም። ጠብቅ ብል፣ ስድስቱ አሉ።

«እማማ፣ ለወንድሜም ቢሆን ከአሥር አራት ነው» አልኳቸው። ተስፋ እንደቆረጡብኝ አየሁ።

አባ ሎምቤቦ ነገሩን ሊቋጩ ፈለጉ። «ተገኘ፣ ና። እሺ በልና እንመርቅህ።»

ተገኘ መጥቶ መሐል ላይ ቆመ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፤ በመጨረሻም የአቶ ዳኘን። ቀና ሲል ዓይኑ ቦርሳው ላይ ትንሽ ቆየ።

«አባባ፣ ብናገር ይፈቀድልኛል?»

«እሺ ለማለት ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?» አሉና ሳቁ። «ተናገር።»

አቶ ሽብሩ ልጃቸውን በዓይናቸው ሊያስቆሙት ሞከሩ። ተገኘ ግን ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ ከአራቱ ይሁን ከስድስቱ ማንም አያውቅም ብለዋል። ነጥቡ እስኪነገር እኔም አላውቅም አይደል?»

«አታውቅም» አልኩት።

«ቲቸር ወልደኪዳንም?»

መምህር ወልደኪዳን አፋቸውን ከፈቱ። አቶ ዳኘን አዩ፣ ልጁን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔም አላውቅም፣ ልጄ» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ ጉርምርምታ ተነሣ፤ እርቁ ሲፈርስ እያዩ ነው። ተገኘ ድምፁን በሩ ድረስ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«አባቶቼ ይቅር በሉኝ። እኔ ራሴን ከስድስቱ ቆጥሬያለሁ። ሰኞ ማሰልጠኛው ሄጄ እፈርማለሁ።»