ሊንቫል በማን ቀና?

ሊንቫል ብሪሴት ቀናተኛ ነው ተብሎ አያውቅም። ለመቅናት የሚያበቃ ነገር ገጥሞት አያውቅማ! ከኢሲልዳ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር፣ እሷ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤት ነበረች። የያዘውን ዓሣ ትሸጥለታለች፣ ሸሚዙን ታጥብለታለች፣ ጠዋት ከባሕር ሲመለስ ሻይ አፍልታ፣ የካሳቫ ቂጣ ጠብሳ ትጠብቀዋለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት "መቼ ነው የምታገባኝ?" ትለው ነበር። እሱም "የሎብስተር ማጥመጃው ወቅት ይለፍና" ይላታል። የሎብስተር ወቅት ስንት ጊዜ አለፈ! ኋላ ላይ መጠየቁን ተወችው፤ ሊንቫልም ነገሩ በሰላም ያለቀ መሰለው። ሴት ዝም ስትል ወንዶች ሁልጊዜ እንዲያ ይመስላቸዋል።

ወሬውን የሰማው ከመንደሩ መጠጥ ቤት፣ ከሩም ቤቱ ደጃፍ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ዶሚኖ ሲጫወት ነው። በሰውነቱ ማነስ የተነሳ በትንሿ ዓሣ ስም ስፕራት እያሉ የሚጠሩት ጓደኛው ጠረጴዛውን በዶሚኖው ጧ አደረገና፣

"ሊን፣ ሴትዮህ ሌላ አገኘች አሉ" አለው።

"ማንን ደግሞ?"

"እኔ እንጃ። ትናንት ማታ ወንጌል የሚሰበክበት ድንኳን ውስጥ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሄደችለት። ያውም እያለቀሰች።"

"ስሙን ብቻ ንገረኝ! በጀልባ ቢያመልጥ እንኳ አሳድጄ እይዘዋለሁ!"

"አትደክም፣ አትይዘውም። እሱ ውሃ ላይ በእግሩ ነው የሚሄደው።"

ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ሊንቫልም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ቤት ሲገባ ኢሲልዳ ዓሣ እየጠበሰች ነበር።

"እውነት ነው የሚሉት?"

"እውነት ነው። ጌታን ተቀበልኩ፣ ሊን።"

"እኔን ሳትጠይቂ?"

"ምን ብዬ ልጠይቅህ? ነፍሷ እኮ የኔ ናት" አለችና ዓሣውን ገለበጠች።

ብትጮህበት፣ ብትሰድበው ደስ ባለው። ጠብ ያውቅበታል። ይሄን እርጋታ ግን ከየት እንዳመጣችው አላወቀም፤ እሱ እንዳልሰጣት ግን ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ነገር ተገለባበጠ። ኢሲልዳ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ትንበረከካለች። ሻዩ ይዘገያል። ድስት ስታጥብ ታወራለች፣ ልብስ ስታሰጣ ታወራለች፤ የምታወራው ግን ከሊንቫል ጋር አይደለም። አንድ ቀን ከጓሮ በኩል መረቡን እየጠገነ ሳለ ድምፅዋን ሰማና ጆሮውን ጣለ።

"...ጉልበቴን ደግሞ አደራ። ከፋሲካ ጀምሮ ደረጃ ስወጣ እንደ እሳት ያቃጥለኛል፤ አንተ ታውቃለህ።"

ሊንቫል መረቡን ወርውሮ ገባ።

"ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ?"

"ትንሽ።"

"ከፋሲካ ጀምሮ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ተመልሶ ወደ መረቡ ወጣ። ያን ቀን ግን ቅናት የሚባለው ነገር አንጀቱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። አልጋውን ብትከለክለው፣ ወጥ ብትነፍገው ይሄን ያህል አያንገበግበውም ነበር። የገዛ ሴቱ የጉልበቷን ሕመም ለሌላ ስትነግር ሰማ!

መጀመሪያ የጠረጠረው ፓስተሩን ነው። ፓስተር ባክስተር ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ ሰው ናቸው። ጫማው ብቻውን ለሊንቫል በቂ ማስረጃ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ስብሰባ ስትሄድ ተከተላትና በመስኮቱ አጮልቆ አየ። ያየውም ጥቂት አሮጊቶች ከዜማው ወጥተው ሲዘምሩ፣ ፓስተሩም ከነሱ ብሰው ከዜማ ሲወጡ ነው። ኢሲልዳን ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። እሷም አላየቻቸውም፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፈገግ ትል ነበር።

ሊንቫል ከመስኮቱ ተመለሰ። ፓስተሩ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለው! ኮሌታቸውን ይዞ ሁለቴ ቢመታቸው ነገሩ ያበቃ ነበር። የማይታይን ሰው ግን በየት በኩል ነው የሚመቱት?

ቅዳሜ ጠዋት ኢሲልዳ ልብሶቿን በሻንጣ ስትከት አገኛት።

"እማማ ፒኖክ ዘንድ ልሄድ ነው" አለችው። እማማ ፒኖክ የቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እናት የሚባሉ፣ ዲያቆናቱ እንኳ የሚፈሯቸው ባልቴት ናቸው። "መጠመቅ እፈልጋለሁ። ሳንጋባ አብረን እየኖርን ፓስተሩ አያጠምቁኝም።"

"እሺ ላግባሽ!"

ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ። ኢሲልዳ እጇ ላይ ያለውን ቀሚስ ይዛ ቀረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን የደስታ እንባ አልነበረም።

"አሁን አልክ? አሁን? አሁን እኮ አይሆንም፣ ሊን። ያመነች ሴት ያላመነ ወንድ አታገባም። አምና ብትለኝ ኖሮ በባዶ እግሬ እሮጥ ነበር።"

ሻንጣዋን ዘግታ ወጣች። ሊንቫል ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነገሩን ከላይ ከታች ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። ያላመነ ካላገባት፣ ያመነ ያገባታል ማለት ነው። ማመን ደግሞ፣ እሱ እንደሰማውና ከመስኮት ሆኖ እንዳየው፣ ያን ያህል የሚከብድ ነገር አልመሰለውም። ሰው ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ ያለቅሳል። በቃ።

በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ፓስተሩ "ዛሬ ልቡን ለጌታ የሚሰጥ አለ?" ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። እንባው እንቢ ብሎት ትንሽ ተቸገረ፤ ኋላ ግን ካቻምና ባሕር የበላበትን የጀልባ ሞተር ሲያስብ እንባው ግጥም አለ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ኢሲልዳ ከመዘምራኑ መካከል ሮጣ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። ዓሣ ሻጩም ቀራጩም "ወንድም ሊንቫል" እያለ አቀፈው። እማማ ፒኖክ ብቻ አገጩን ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃን አዞሩና፣

"እስቲ እናያለን" አሉ።

ቀን ተቆረጠ። በሚመጣው እሑድ ሁለቱም ይጠመቃሉ፣ ከጥምቀቱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይጋባሉ። ለሠርጉ የሚታረድ ፍየል ተገዝቶ ከእማማ ፒኖክ አጥር ጋር ታሰረ። ሊንቫል ቅናቱ የለቀቀው መሰለው። አሸንፏላ! ያኛው ኢሲልዳን በአንድ ማታ ቢወስዳትም፣ እሱ በአንድ ጠዋት አስመለሳት።

ጥምቀቱ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ዳርቻ ነው። ሊንቫል በዚያ ውሃ ውስጥ አድጓል፤ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ሲገባበት ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀሚሱ አጥሮት ባቱ ይታያል፤ ስፕራትና የዶሚኖ ጓደኞቹ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተደርድረው ይስቁበታል። መዘምራኑ አሸዋው ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ።

ኢሲልዳ ከፊቱ ነበረች። ፓስተሩ ጠየቋት፤ "አዎን" አለች፤ ወደ ኋላ አስተኝተው ነከሯትና አወጧት።

ሊንቫል ፊቷን አየ።

ሴትዮዋን የሚያውቃት ይመስለው ነበር። ስትስቅም፣ ስትታመምም፣ በሎተሪ ራዲዮ ሲደርሳትም አይቷታል። ይሄን ፊት ግን አያውቀውም። ሸክም አውርዳ፣ ወገቧን አቅንታ፣ ወደ ቤቷ እንደምትገባ ሴት ፊት ነበር። ውሃው ከቅንድቧ እየተንጠባጠበ በሊንቫል አጠገብ አለፈች፤ እዚያ መኖሩንም ያወቀች አትመስልም። ለቀቀኝ ያለው ቅናት ተመለሰ።

ፓስተር ባክስተር እጃቸውን ጀርባው ላይ አኖሩ።

"ወንድም ሊንቫል፣ ኢየሱስን የግል አዳኝህና ጌታህ አድርገህ በሙሉ ልብህ ተቀብለሃል?"

"አዎን" ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ለዚህ ነው የመጣው። አፉን ከፈተ፤ ያ ፊት ዓይኑ ላይ ድቅን አለበት።

"አልተቀበልኩም።"

ፓስተሩ የሰሙትን አላመኑም። "ምን አልክ ልጄ?"

"አልተቀበልኩም፣ ፓስተር። ያን ዕለት ያለቀስኩትም ለሞተሬ ነው። እኔ የመጣሁት እሷን ብዬ ነው።"

ጭብጨባው ቆመ። ኢሲልዳ ፎጣዋን አፏ ላይ ያዘች። ስፕራት እንኳ መሳቁን ተወ። ሊንቫል የሠርጉ ቅዳሜ ከእጁ እንደወጣች ያን ጊዜውኑ ገባው፤ ከዚያ ሁሉ ፍጥረት የተጠቀመው ፍየሉ ብቻ ነው።

"እንግዲያው ውጣ ልጄ፣ እንነጋገራለን" አሉ ፓስተሩ።

ሊንቫል ግን አልወጣም። የሚያጣው ስላልቀረ የሚፈራውም አልቀረም። ወደ ባሕሩ ዞረና፣

"አንተ!" አለ። "አንተ ግን ምን ዓይነት ነህ? በማዕበል እየወጣሁ፣ እጄ እየተላጠ ያበላኋት እኔ! አንተ አንድ ማታ ድንኳን ውስጥ ጠራሃትና ወሰድካት! ጉልበቷን ለአንተ ትነግራለች፤ አጠገቧ የምተኛው እኔ ግን አልሰማሁም! አሁን ደግሞ ያ ፊት! እኔ አንድ ቀን እንኳ ያላየሁትን ፊት! አታፍርም? ንገረኝ እንጂ!"

ከዲያቆናቱ አንዱ ሊጎትተው ልብሱን እንደለበሰ ውሃ ውስጥ ገባ። እማማ ፒኖክ ከዳርቻው ጮሁ።

"ተወው! ሰውየው እየጸለየ አይደለም እንዴ?"

ሊንቫል ሰማቸው። "እኔ? እኔማ አልጸልይም" ሊል ነበር፤ አልወጣለትም። እናቱ ስትቀበር እንኳ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቀሰ ሰው ነው። አሁን ግን አጥር ለአጥር እንደሚጣላ ጎረቤት በሙሉ ድምፁ ሲጮህ፣ የሚሰማኝ የለም የሚል ሐሳብ አንዴም አልመጣበትም። የሌለን ማን ይሰድባል? ቁጣው ከላዩ ላይ ሲገፈፍ ከሥሩ ያለውን አየውና አፈረ። ያቃጠለው የኢሲልዳ መወሰድ አልነበረም። የቀናው በሷ ነበር፤ የተሰጣትን እሱም ፈልጎት ነበር።

"እኔንስ?" አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። "እኔም እኮ ነበርኩ። ባሕር ላይ ብቻዬን ስንት ዘመን ነበርኩ። ለምን እሷን ብቻ ጠራህ?"

ፓስተሩ እጃቸውን ከጀርባው አላነሡም።

"እሷን ብቻ ነው የጠራው? የድንኳኑ ድምፅ ማጉያ ሩም ቤቱ ድረስ አይሰማም ነበር?" አሉት በቀስታ።

"ይሰማ ነበር" አለ ሊንቫል። "ራዲዮ ከፈትንበት።"

ኢሲልዳ ፎጣዋን ጥላ እስከ ጉልበቷ ተመልሳ ውሃው ውስጥ ገብታ ነበር፤ አሁን እያየች ያለችው እሱን ብቻ ነው። ሊንቫል ግን ወደ እሷ አልዞረም።

"የቅዳሜውን ነገር እንዴት እናድርገው ልጄ?" አሉ ፓስተሩ።

"ቅዳሜን እሷ ትወቅበት" አለ ሊንቫል፣ ፊቱን በጨው ውሃ እያበሰ። "እርስዎ ያንን ጥያቄ ደግመው ይጠይቁኝ።"