ለአንድ ሰው የተሰፋ ሞተር

«ሞተሩን እኔ አነሳዋለሁ» አለ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ሻዩን እያማሰለ። «ለአንቺማ ምን ያደርግልሻል? ቆሞ ከሚዝግ፣ ከቤተሰብም ሳይወጣ፣ ልገላግልሽ።»

የሟች ሚስት ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሰውየው ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ሊያጽናናት ይመላለሳል፤ የሚያጽናናት ግን ሁሌ ለራሱ በሚጠቅመው በኩል ነው።

«ወስደህ ምን ታደርገዋለህ፣ ጋሼ?»

«እነዳዋለኋ።»

«እንዳለ?»

«እንዳለማ አይሆንም፣ አስተካክለዋለሁ እንጂ። ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድሜ ሞተሩን እንደ ጭቃ ነው ያጣመመው።»

ከለቅሶ ደራሾቹ አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «የገደለው ይኸው ሞተር ነው አይደል?» ስትል አንሾካሾከች።

«ኧረ ኩላሊት ነው።»

«ቢሆንም» አለች ሴትየዋ፣ ሞተር የሌለበት ሞት አልዋጥ ብሏት።

ሟች መካኒክ ነበር፤ ደንበኞቹ ግን «ልብስ ሰፊው» ይሉት ነበር። ሞተር የሚጠግን ሞልቷል፤ እሱ ሞተርን በሰው ልክ ይሰፋ ነበር። ወገቡን ለሚያመው መሪውን ወደ ደረቱ ያቀርብለታል፤ እግሩ መሬት ለማይደርሰው ወንበሩን ዝቅ ያደርግለታል። ስፖንጁን የምትቆርጠውም፣ ሽፋኑን የምትሰፋውም ሚስቱ ነበረች። ደንበኛውን ሞተሩ ላይ ያስቀምጥና «ዓይንህን ጨፍን» ይለዋል። «አሁን እጅህን ዘርጋ። እጅህ ባረፈበት መሪ ከሌለ፣ ጥፋቱ የእጅህ አይደለም።»

የራሱ ሞተርማ ጉድ ነበር። ግራ ጉልበቱ ከልጅነቱ ጀምሮ አይታጠፍም። «ሞተር ላንተ አይሆንም» ያላለው ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ ቀድሞ ያለው ደግሞ አሁን ሻይ የሚያማስለው ወንድሙ ነው። እሱ ግን የግራውን የእግር መርገጫ ወደፊት ገፋ፣ የማርሽ መቀየሪያውን አስረዘመ፣ ወንበሩን ባንድ በኩል አጎደጎደና ተቀመጠበት። «እኔን ማቃናት አቃታቸው፤ እኔን ግን ሞተር ማጣመም አላቃተኝም» ይል ነበር።

ሚስትየው ተነሳች።

«በል ና፣ ተቀመጥበት ጋሼ። እንይልህ።»

ለቅሶ ቤቱ ሻይ ሻዩን ይዞ ወደ ግቢ ተከተላቸው። ወንድምየው ወጣበት። ግራ እግሩ መርገጫ ፍለጋ አየሩን ይዳብስ ጀመር። ጎድጓዳው ወንበር ወደ አንድ ጎን አንሸራቶት፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የጎረቤት ወሬ የሚያዳምጥ ሰው መሰለ። አስነስቶ ጥቂት ፈቀቅ እንዳለ የማርሽ መቀየሪያውን ቦታው ላይ አጣውና ከተደራረቡት የኪራይ ወንበሮች ጋር ተላተመ። ወንበሮቹ ተንኮታኮቱ። ለቅሶ ደራሹ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«አልተስማማህም?» አለች ሚስትየው።

«ይሄ ሞተር አይደለም» አለ፣ ሱሪውን እያራገፈ። «አንቺስ መቼ ነድተሽ ታውቂያለሽ? ከኋላ ተፈናጥጠሽ አይደል የኖርሽው?»

«ከኋላ ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ የነበረ መሰለህ? መንገዱን ሳይ ነው የኖርኩት። ሞተሩን እኔ እነዳዋለሁ። ጋራዡንም እከፍታለሁ።»

«እንባሽ እንኳን ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ እያለ ነው» አለች፣ ወደሚያንሾካሹኩት ሴቶች ዞራ። ሴቶቹ ሻያቸውን ተመለከቱ።

ሰው ወደ ቤት ሲመለስ እሷ መፍቻ አምጥታ ሞተሩ ላይ ወጣች። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ባዶ አየር ጨበጡ። መሪው ያለው የእሱ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነበር፤ ከእሷ አንድ ስንዝር ይርቃል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ይህን አላሰበችውም ነበር። ሞተሩ የእሷ ልክ ሲሆን የእሱ ልክ የትም አይቀርም። ፎቶው የያዘው ፊቱን ብቻ ነው። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያውቀው ይሄ ብረት ነው።

«አትንኪው» የሚል ድምፅ ሰማች። አማቷ ከበሩ ደጃፍ ቆመዋል። «የልጄ ገላ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ሸፍነን እናስቀምጠዋ።»

«ሸፍነን ካስቀመጥነው አንድ ቀን ጋሼ ወስዶ ያስቀጠቅጠዋል። ልጅዎ ደግሞ የቆመ ሞተር ሲያይ ያመው ነበር። መፈታቱ ካልቀረ፣ ወንበሩን የሰፋው እጅ ይፍታው።»

ሚስትየው ከሞተሩ ወረደች። ተንበርክካ ከመርገጫው ጀመረች። ብሎኑ እንቢ አለ፤ እሱ አንዴ ካጠበቀ አጠበቀ ነው። ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነችው። ጮኾ ላላ። መርገጫውን ከሞተሩ ቧንቧ ጋር ያሰረው የብረት ቀለበት ወደ ኋላ፣ ወደ እሷ ልክ ተንሸራተተ። የቆየበት ቦታ ላይ ፀሐይና ጭቃ ያልነካው ቀይ ቀለም ትናንት እንደተቀባ ሆኖ ብቅ አለ።

አማቷ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ቀዩን ክብ በጣታቸው ዞሩት። ደግመው ዞሩት።

የቀራት ብሎኑን ማጥበቅ ነበር። መፍቻዋን አየር ላይ እንደያዘች፣ የአሮጊቷ ጣት እስኪነሳ ጠበቀች።