የሳማው መርዶ

የሺእመቤት ቢራቢሮ ትቆጥራለች። ደሞዝ የለውም፣ ሹመትም የለውም። ከልብስ ስፌት አስተማሪነቷ በተረፋት ቅዳሜ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች ወዳለው ምንጭ ትወርዳለች፤ ያየችውን ጽፋ ከተማ ላለው የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር ትልካለች። ማኅበሩም ቁጥሩን አይቶ፣ የትኛው ቦታ ባሕር ዛፍ ሳይተከልበት ይቆይ ብሎ ባለርስቱን ይለምናል። ምንጩ እስካሁን የተረፈው በዚሁ ልመና ነው። ሰፈሩ ግን "የጃንሆይ ሕዝብ ገና ተቆጥሮ ሳያልቅ የሺ ቢራቢሮ ትቆጥራለች" እያለ ይስቅባታል። ይሳቅ! እሷ እንደሆነ ቅዳሜዋን በሠርግ አትለውጣትም።

መስከረም ላይ ታዲያ ያው ቁልቁለት አንሸራቶ ጣላትና እግሯ ተሰበረ። ወጌሻው በሸንበቆ ጠፍሮ አሰረላትና እስከ ገና ንቅንቅ እንዳትይ አላት። ያስለቀሳት እግሯ አልነበረም፤ ቆጠራው ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ማን ይውረድላት?

ለካስ ሰው አላት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይገዙ "እኛ እያለን?" አሉና እድርተኛውን ተራ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ምንጩ ደርሰው እየተመለሱ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩትን ይነግሯት ጀመር። በተለይ ስለዚያች ስለምትሳሳላት፣ ጥቁር ክንፏ ላይ ቀይ መቀነት ስላላት ቢራቢሮ አጥብቃ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ሃያ አሏት፤ ቀጥሎ ሠላሳ። በደህና ዓመት እንኳን እሷ ከአሥራ አምስት አሳልፋ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ። በማግስቱ ጋሽ ይገዙ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብተው "ትናንት ስድሳ!" አሏት።

"በዚያ ዝናብ፣ ጋሼ?"

"ጃንጥላ ይዤ ነበራ።"

"እርስዎስ ያዙ፤ ቢራቢሮዎቹስ?"

ጋሽ ይገዙ ይሄኔ ሥራ ትዝ አላቸውና ወጡ።

መቼም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተራ በተራ ገቡ። ምግብ እያበሰለች ስታስታምማት የከረመችው ጎረቤቷ ጫልቱም ከኋላ አለች። የሺእመቤት ከትራሷ ቀና አለች።

"ማን ሞተብኝ?"

"ያው... ሁላችንም ሟቾች ነን" ብለው ጋሽ ይገዙ ጀመሩ። "ዛሬ ታይቶ ነገ የሚጠፋ..."

"ኧረ ጋሼ፣ በቃ ይንገሯት!" አለች ጫልቱ። "እትዬ የሺ፣ አንድም የለችም። ከወደቁ ወዲህ ባለ መቀነቷን ያየ የለም። ለታመመ ሰው ደግሞ 'የለም' እንዴት ይባላል?"

"ሳማው ላይ ፈልጋችኋል?"

ሁሉም አቀረቀሩ። "ሳማውንማ" አሉ ጋሽ ይገዙ፣ "አንቺን የጣለሽ እሱን እሸሻለሁ ስትይ አይደል? ከነሥሩ ነቅለን አቃጠልነው። ስትድኚ በደህና እንድትወርጂ ብለን።"

የዚያች ቢራቢሮ ትል ከሳማ በቀር የምትበላው የላትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ልትል ከአፏ ደርሶ ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች ለእሷ ብለው የሳማ ሥር በዶማ ሲያወጡ ታያት። መንገድ ጠርገውላታል፤ ሐዘኗን ፈርተው ስድሳ ቢራቢሮ ፈጥረውላታል። እናት አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ የሳሳላት ሰው መኖሩን አላወቀችም ነበር። እየሳቀች አለቀሰች።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ከእንግዲህ ግን ቢራቢሮ አትጨምሩልኝ። የታመመ የሚጠየቀው መታመሙ ሲሰማ ነው። ደህና ነው ካላችሁ ምንጩን ማን ይጠይቀዋል?"

ይህ ለሁሉም ገባቸው፤ ትሏ ያለ ሳማ እንደማትኖር ስትነግራቸውም መልሰው ሊተክሉት ቃል ገቡ። የሺእመቤትም የሰጧትን ቁጥር ሁሉ ሰርዛ "የለም" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም "ሳማውን የቆረጡት የሚወዱኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ መልሰው ሊተክሉት ነው" አለች። አልዋሸችም። በሳምንቱ እድርተኛው ከአስኮ ወንዝ ዳር ሳማ ከነሥሩ ተሸክሞ መጣ። በመንገድ ያየ ሁሉ አብደዋል አለ፤ ሳማ የሚተክል እድር ታይቶ አያውቅማ።

ጥር ሲጋመስ የሺእመቤት ዱላ ተመርኩዛ ቤት ውስጥ ማነከስ ጀምራለች፤ ቁልቁለቱ ግን ገና ነው። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ይገዙ መጥተው በሯ ላይ ቆመው ቀሩ። ፊታቸውም እጃቸውም ተለብልቦ ቀልቷል፤ በቅርብ ለማየት ሳማው መሀል ገብተው ኖሯል።

"አንድ" አሉ፣ እንዳፈረ ሰው። "አንድ ብቻ ናት፣ የሺ። መቀነቷን በዓይኔ አይቻለሁ። መንገድ ላይ ሁለት ልበላት እንዴ ብዬ ነበር፤ ተውኩት።"

የሺእመቤት ያንን ያበጠ እጃቸውን ስባ ሳመችው። ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች፤ እንባዋ አላስጽፍ ቢላት ጋሽ ይገዙ ራሳቸው ተቀብለው "አንድ" ብለው ጻፉላት።